የአሸዋ አምባር

ሳምጣ፣ ሳዑዲ፣ መስከረም 1989 ዓ.ም.

ለናፈቅሽኝ የልጄ ልጅ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ከራስ ፀጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ እንዴት አለሽ? እናትሽስ? ያቺ ተራጋጭ ላሜስ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እዚህ «ከፊል» የሚሉት አሠሪያችን ግን «አንተ ሽማግሌ፣ ፍየሎቹ ይሻላሉ፤ እነሱስ ይሰማሉ» ይለኛል።

ዘንድሮ ቀልዴ ጉሮሮዬ ላይ ቀርቷል። ምክንያቱን ልንገርሽ።

አብሮኝ የሚሠራ ሙሐረም የሚባል የወረባቦ ሰው አለ። ብርጭቆ ሊያነሳ ሲል እጁ ይንቀጠቀጥና ሻዩ ደረቱ ላይ ያልቃል። ሲተኛ እግሩ በራሱ ይፈናጠራል። እኔ መቼ አርፌ! «ሙሐረም ሻይ ያበጥራል» እያልኩ እርሻውን ሁሉ አሳቅኩበት። ሰኔ ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ወደቀ። አሠሪያችን በፒካፑ ጂዛን ወሰደው፤ ደግፌ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ሱዳናዊው ሐኪም ብዙ ከመረመረው በኋላ ጂንም ጫትም አይደለም አለን። የአንጎሉና የአከርካሪው ነርቭ ልባሱ እየተላጠ ነው፤ ሙቀት ደግሞ ያባብስበታል። ከሥሩ የሚነቅል መድኃኒት የለም። ግን እግሩን የሚያላላ፣ በጥቂቱ ተጀምሮ የሚጨመር ኪኒን ሰጠው፤ እግሩን ጠዋት ማታ ቀስ አድርገን እንድንስብለትም አሳየን። ለእጁ፣ አንጓው ላይ ክብደት ማሰር አንዳንዱን ይረዳልና ይሞከር አለ።

ክብደቱን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ከአሮጌ ሽርጤ ቆርጬ አሸዋ ሞላሁበት፤ አሰርኩለት። ሙሐረም ብርጭቆውን አነሳ፤ ጥቂት ተወላገደ፤ ከንፈሩ ደረሰ፤ ጠጣ። ሁሉም የእኔን ቀልድ ጠበቁ። እኔ ተነስቼ ወደ ፍየሎቹ ሄድኩ። የታየኝ ያንቺ እጅ ነበር።

ያን ቀን ሽማግሌዎች ሊጠይቁሽ መጥተው፣ የወተቱን ቅል ይዘሽ ስትገቢ እንደ ልማዱ እጅሽ ተንቀጠቀጠና ትልቁ ሰውዬ ጭን ላይ ደፋሽው። እኔም አፌ ቀደመኝ፦ «ልጃችን ሙሽራውን ሳታይ ጭፈራ ጀመረች!» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንቺም ሳቅሽ፤ አሳሳቅሽን ግን አልረሳሁትም። ሰዎቹ አልተመለሱም። ጂን ነው ብዬ ሰው ሰብስቤ የወዳጃ ዱዓ አስደረግሁልሽ እንጂ ሐኪም አላሳየሁሽም። ከዚያ ወዲህ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ትገቢ ጀመር።

መካ ለዑምራ ብዬ የወጣሁት ከዚያ በሦስተኛው ወር ነው። ዑምራው በሁለት ሳምንት አለቀ፤ እኔ ግን እዚሁ ቀረሁ፤ ይኸው አራት ዓመቴ።

ያንቺ ሕመም ያው ይሁን ሌላ አላውቅም፤ ሐኪም ይወቀው። አጎትሽ ሰላሀዲን ደሴ ይውሰድሽ። ኪኒን ከሰው እጅ እንዳትቀበዪ። ወደ አገር በምትመለሰው በሰፊያ እጅ የላክሁልሽ የጨርቅ አምባር ባዶ ነው፤ ሐኪሙ እሺ ካለ ያገርሽን አሸዋ ሙዪበት።

አላህ እጅሽን ያጽናው፣ ደጅሽን እንግዳ ይሙላው። ስመለስ በዚያው በእንግዳ ፊት ወተቱን አንቺ ይዘሽ ግቢ። ከተደፋም እኔ ጭን ላይ ይደፋ።

አፉ የቀደመው አያትሽ