ለስዊድን የጮህኩበት ሳምንት

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 14

ስድሳ አንድ ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም። የካራቴ ምድቤ ከስድሳ አንድ በታች ነው። ቁርስ ግማሽ እንቁላል። ሌላው ግማሽ የእራት ግብዣ ነው።

ቀኑን ሙሉ ትራም ስነዳ ዋልኩ። አንዲት ሴትዮ ትኩስ የቀረፋ ዳቦ ይዛ ገብታ፣ ልክ ከጀርባዬ ቆማ በላች። ቀስ እያለች። እንዲህ ያለውን ሰው ፖሊስ ዝም ይላል።

ማታ ልምምድ። አሰልጣኜ ቬይኮ የእግሩን ጣቶች እያየ፣ "ካይሱ... ፌዴሬሽኑ ወስኗል። ቅዳሜ በሚጀመረው ሻምፒዮና ሜዳሊያ ካላመጣሽ በብሔራዊ ቡድኑ ያለሽ ቦታ ለኢንካ ይሰጣል" አለኝ። ኢንካ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እኔ ሠላሳ ሦስት። ለካራቴ አሮጊት፣ ለትራም ገና ልጅ።

"እሺ፣ ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ" አልኩት። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ግድግዳውን በቡጢ አልኩት። አሁን እጄ ያብጣል። ለውድድሩ አራት ቀን ሲቀረው... ብልህ ነኝ እኮ!

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 16

ዕጣ ወጣ። ከዚያ ሁሉ አገር፣ ከዚያ ሁሉ ሴት፣ ለመጀመሪያ ዙር የደረሰችኝ ስዊድናዊቷ ቱቫ። ዕድሌ መቼም...

ቱቫ ማለት ሁልጊዜ የምትስቀዋ። ሦስቴ አሸንፋኛለች፣ ሦስቴም አቅፋኛለች። ጨዋታው ሊጀመር ሲል በእኔው ቋንቋ፣ በተሰባበረ ፊንላንድኛ፣ "መልካም ዕድል!" ትለኛለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አባዬ ደወለ። ነገርኩት። ለእሱ በጎረቤታችን በስዊድን መሸነፍ ከሞት ይብሳል።

"አለህ?"

"አለሁ። ስሚ ልጄ፣ በማንም ተሸነፊ። ከፈለግሽ በሞናኮ ተሸነፊ። በስዊድን ግን..."

"ልሸነፍ አይደለም እኮ የምገባው፣ አባዬ።"

"እሱማ። ብቻ ልንገርሽ ብዬ ነው።"

ማበረታታት ይሉሃል እንዲህ ነው።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 17

ሚዛን ላይ ወጣሁ፤ ስድሳ ከዘጠኝ መቶ። የቀረው ክብደቴ ላብ ሆኖ በአባዬ ሳውና፣ በእንፋሎት ቤቱ ውስጥ ቀርቷል። ሁለት ሳህን የዓሣ ሾርባ በልቼ ሰው ሆንኩ።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 18

ተሸነፍኩ። አራት ለአንድ። በመጀመሪያ ዙር፣ በገዛ ከተማዬ በታምፔሬ፣ በስዊድን። ከዚህ አሳምሮ መሸነፍ የሚችል ካለ ይምጣ። ቱቫ አቀፈችኝ።

ቬይኮ ፎጣ ሰጠኝ። "ገና አላለቀም። እሷ ለፍጻሜ ከደረሰች፣ በመንገዷ ያሸነፈቻቸው ሁሉ ለነሐስ ሜዳሊያ ሊጫወቱ ይመለሳሉ። ከወደቀች ግን አንቺም አብረሽ ወደቅሽ። ደንቡን ታውቂዋለሽ።"

አውቀዋለሁ። ያወጣው ሰው የስዊድን ጎረቤት ሆኖ አያውቅም።

አባዬ ባንዲራችንን ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ሸጉጦ ተቀምጧል። ቀብር የመጣ ይመስላል።

"አባዬ፣ ለቱቫ መጮህ አለብን።"

"ለማን?"

"ለቱቫ። ካልደረሰች እኔ ወደ ቤቴ ነኝ።"

"እኔ? ለስዊድን?" ኮፍያውን ዓይኑ ድረስ ሳበው።

በሁለተኛው ዙር ከአፍንጫው ውስጥ "በርቺ" የሚል ድምፅ ወጣ። በሦስተኛው ብድግ አለ። "ምቻት እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?" ከፊታችን ያሉት ስዊድናውያን ዞረው አዩትና ቡና ጋበዙት። ጠጣም!

ግማሽ ፍጻሜ ላይ ለቱቫ የደረሰቻት ሬካ ናት፣ ሃንጋሪያዊቷ። ሬካን አውቃታለሁ። ልትራገጥ ስትል የኋላ እግሯ ተረከዝ ቀድሞ ይዞራል። አምና የጋራ ልምምድ ላይ ነው ያየሁት። ለማንም አልተነፈስኩም፣ ለቬይኮም። ለራሴ ቀን አስቀምጬው ነበር... ግን ያ ቀን መቼ ነው? ማሟሟቂያው ቦታ ድረስ ወርጄ ቱቫን ፈለግኳት።

"ተረከዟን እዪ። ከዞረ እግሯ መጣ ማለት ነው። ያኔ ቅደሚያት።"

"ለምን ትነግሪኛለሽ?"

"ስለምወድሽ መሰለሽ? ከወደቅሽ መውደቄ ነው።"

ሳቀች። ሌላ ምን ታውቃለች!

ሦስት ለባዶ። ተረከዟ በዞረ ቁጥር ቱቫ ቡጢዋን አሳረፈችባት። በመጨረሻ ሬካ ጎንበስ ብላ የገዛ ተረከዟን አየችው። ነቃችበት!

ከዚያ እኔ ተመለስኩ። ሁለት ጨዋታ፣ ሁለቱንም አሸነፍኩ። ነገ የነሐስ ጨዋታ ነው። ከማን ጋር? ግማሽ ፍጻሜ ላይ ከወደቀችው ጋር ነዋ። ከሬካ ጋር። ይህንንም አውቅ ነበር... አውቄው ነው ለቱቫ የነገርኳት። ሌላ ምን ምርጫ ነበረኝ? በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት።

እሁድ፣ ኤፕሪል 19

ተረከዟ አልዞረም። ጨዋታው እስኪያልቅ መሬት ላይ እንደተጣበቀ ቀረ። እኔ ተረከዝ ስጠብቅ ቡጢ ቀመስኩ። ሁለት ለአንድ። በአንዲት ነጥብ!

ሬካ ስትጨብጠኝ፣ "ትናንት ስዊድናዊቷ ጥሩ ትምህርት ሰጠችኝ" አለች።

"አዎ፣ ጎበዝ አስተማሪ ናት" አልኳት።

አላለቀስኩም። ቬይኮ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። የኢንካን ስም አላነሳም፣ እኔም አላነሳሁም። ቦርሳዬን ይዤ በሩ ድረስ ሄጄ ነበር። የፍጻሜው ጥሪ ተሰማ፤ ቱቫ። አንዴ ልይ ብዬ ተመለስኩ...

አሁን ብታሸንፍ እኔን ምን ይጠቅመኛል? ምንም። ታዲያ ወንበር ላይ ወጥቼ ምን ያስጮኸኛል? "ቱቫ! በግራ! በግራዋ ግቢ!" አባዬ አጠገቤ ቆሞ ባንዲራ ያውለበልባል። የእኛን ባንዲራ፣ ለስዊድን! የሰፈር ጎረቤቶቻችን አዩን። ይዩን።

ተሸነፈች። ሊያበቃ ሲል። እዚያው ተንበረከከች። ሳትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ለራሴ እምቢ ያለ እንባ ለስዊድን ሲሆን መጣ! አባዬ መሀረቡን ሰጠኝ፤ መጀመሪያ ግን የራሱን አፍንጫ ጠረገበት።

"ይቺን ነገር ለማንም አናወራም" አለኝ።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 22

ቦታው የኢንካ ሆነ። በይፋ።

ልምምድ ቤት ሳጥኔን ባዶ ሳደርግ ኢንካ መጣች። ፊቷ ቲማቲም መስሏል። ይቅርታ ልትለኝ ፈልጋ የሳጥኔን በር ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ደህና ልጅ ናት። ልጠላት ሞክሬ ነበር፣ አልሆነልኝም። የጉልበት መጠቅለያዬን ሰጠኋት።

"ካይሱ... ጁን ላይ ለውድድር ስቶክሆልም እሄዳለሁ። ቱቫ አትቀርም። አንቺ ስንቴ ገጥመሻታል፤ የምትሳሳተው ነገር የለም?"

አለ። ሁለት ቀን ሙሉ ዓይኔን ሳልነቅል ሳያት አገኘሁት። ነጥብ ካገባች በኋላ ወደ ዳኛው ዞር ትላለች፤ ቀኝ እጇ ይወርዳል። ያኔ ነው ተጋጣሚዋ የምትመታት። እሁድም የተሸነፈችው በዚያ ነው። ሌላ ሰው ልብ ያለው አይመስለኝም።

"ምንም አላየሁም" አልኳት።

አገር መክዳት ነው? ሳይሆን አይቀርም። ቤት ገብቼ ካልሲዬን እንኳ ሳላወልቅ ለቱቫ መልእክት ላክሁላት፦ "ካገባሽ በኋላ ቀኝ እጅሽን አታውርጂ፣ አንቺ ሞኝ።"