ሰብሳቢ፦ የለውም

ጥቅምት 4
ዛሬም መስኮት ሦስት። መንገድ ዳር ለሕመምተኛ እርዳታ ለማሰባሰብ ፈቃድ የሚጠይቅ ሁሉ እኔ ጋ ነው የሚመጣው። አሥራ አንድ ሰው መጣ፣ ዘጠኙን መለስኩ። ፊርማ የጎደለው፣ የሐኪም ወረቀት ያልያዘ... "አስተካክለው ይምጡ።" ባልደረቦቼ "እትዬ አስተካክለው ይምጡ" የሚል ስም አውጥተውልኛል። ፊት ለፊት አይሉኝም እንጂ ሰምቻለሁ። ምሳዬን ብቻዬን በላሁ።

ጥቅምት 6
የሰው ሀብት ኃላፊው ጠራኝ። ፋይሌ ላይ "በአደጋ ጊዜ የሚጠራ ሰው" የሚለው ቦታ ያለው የእህቴ ስልክ ነው። ደውሎ ሲያጣራ እኔን የማያውቅ ወንድ አነሳው አለኝ። እህቴ ከሞተች ሁለት ዓመቷ። ቁጥሯን ለሌላ ሰው ሰጥተውታል ለካ...
"ሌላ ሰው ሞልተሽ አምጪ" አለኝ። ማንን?

ጥቅምት 9
ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር መጡ። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊ ልቡን ታሟል። ቀዶ ጥገናው ለኅዳር 2 ተቀጥሯል፤ እስከዚያ ክፍያው ካልገባ ተራው ያልፈዋል። ፈቃዱ የሦስት ሰው ኮሚቴ ይፈልጋል። ጸሐፊ ራሳቸው፣ ገንዘብ ያዥ የሰፈሩ ባለሱቅ። "ሰብሳቢ" ከሚለው ፊት ግን "የለውም" ብለው ጽፈዋል።
ሳቄ አመለጠኝ። "አባቴ፣ ኮሚቴውን የሚመራው ማለት እኮ ነው።"
"እኔ ደግሞ ሰብሳቢ ዘመድ አለው ወይ የሚል መስሎኝ... የለውማ፣ ልጄ። ብቻውን ነው።"
"እርስዎ ይምሩና ሌላ ጸሐፊ ያምጡ።"
"እኔ የማውቀው መሪ የአውቶቡስ ነው። ሰውስ ከየት ይመጣል? ሰፈሩን ዞርኩት። ሁሉም ያዝናል፤ ፊርማ ስል ግን እጁን ኪሱ ይከታል።"
"አስተካክለው ይምጡ" አልኳቸው።

ጥቅምት 10
ሰብሳቢ፦ የለውም። ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ኃላፊው እንድሞላ የሰጠኝን የኔን ቅጽ ከቦርሳዬ አውጥቼ አየሁት። መልሼ ከተትኩት።

ጥቅምት 14
ሹፌሩ ተመለሱ። ሦስተኛ ሰው አላገኙም። ቅጹ ከመታጠፍ ብዛት ሊቀደድ ደርሷል። "ደንቡ ነው" አልኩ። "አውቃለሁ፣ አንቺ ምን ታደርጊ" አሉኝና ቅጹን መስኮቱ ላይ ትተው ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 16
አድራሻውን ከማመልከቻው አይቼ ልብስ ሰፊው ጋ ሄድኩ። አንድ ክፍል። የስፌት መኪናው ሸራ ለብሷል። ሰውየው አልጋው ላይ ተደግፎ ያለከልካል። ማንነቴን ሳይጠይቅ፣ "እጅጌሽ ተተርትሯል፣ አምጪው" አለኝ። እያረፈ፣ እያረፈ ሰፋልኝ። እህቴ ከሞተች ወዲህ ልብሴን ልብ ብሎ ያየ ሰው አልነበረም። አለቀስኩ እንዴ? ትንሽ... መርፌውን ሲፈልግ።

ጥቅምት 17
"የለውም" የሚለውን ሰርዤ ስሜን ጻፍኩ። የራሴን ማመልከቻ ራሴ ማጽደቅ አልችልምና መስኮት አራት ተሰለፍኩ። ባልደረባዬ "ዘንድሮ ጉድ ነው!" አለች። የሐኪሙ ወረቀት ላይ ቀኑ አይነበብም ብላ መለሰችኝ። የእጄን ነው ያገኘሁት።

ጥቅምት 18
ማኅተም ተመታ።

ጥቅምት 21
መንገድ ዳር ቆምን። ሹፌሩ ድምፅ ማጉያ ይዘው "ጠጋ ጠጋ በሉ!" ይላሉ፤ አውቶቡስ ውስጥ ያሉ መስሏቸው። እኔ ሣጥን ይዣለሁ። ዘጠኝ ዓመት ፈቃድ ስሰጥ ሣጥን ይዤ አላውቅም። ሰው አጠገቤ ሲደርስ ዓይኑን መሬት ላይ ይጥላል። አንዷ የመሥሪያ ቤታችን ልጅ አየችኝና መንገድ ተሻገረች። ብቻዬን ቤቴ ስቀመጥ እንኳ እንዲህ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። ባለሱቋ ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ "ቀና በይ እቴ፣ የሰረቅሽው የለ!" አለችኝ። ቀና አልኩ። እስኪመሽ ቆምን።

ኅዳር 2
ክፍያው ገብቷል፤ ልብስ ሰፊውን ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ወሰዱት። ነርሷ ወጥታ "አስታማሚው ማነው?" ስትል ሹፌሩ ወደ እኔ ጠቆሙ። "ሰብሳቢው እሷ ናት።" ነርሷ አልገባትም። አራት ሰዓት ሙሉ አግዳሚው ላይ... ነቅቷል። ተመስገን።

ኅዳር 5
ለሹፌሩ ደውዬ ፈቃድ ጠየቅኳቸው። ያለ ኮሚቴ ፈቀዱልኝ። ቅጹን ሞላሁ። የሚጠራ ሰው፦ የሳቸው ስልክ። ዝምድና፦ ሰብሳቢ።
ኃላፊው አነበበውና፣ "ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ዝምድና ነው? አስተካክለሽ ነይ" አለኝ።
"ትክክል ነው" አልኩት።