አራት መቶ አሥራ ሁለተኛዋ ልጃችን

ይድረስ ለእህቴ ለአባይነሽ ዳልጮ፤ ቡካሬስት

ጤናሽ እንዴት ነው? ያ በብርዱ ወራት የሚያስቸግርሽ ወገብሽ ዘንድሮ ተሻለሽ? ሚሃይ ደህና ነው? ልጃችሁ ኮሪናስ፣ በዚህ ሳምንት የትኛውም አገር ትሁን፣ ደህና ናት? እኛ ከእናታችን ዓይን መድከም በቀር ጌታ ይመስገን ደህና ነን። የጎደለን የአንቺ ወሬ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር አልጻፍሽልንም። ምክንያቱን ስለማውቀው ለምን ብዬ አልጠይቅሽም።

የመጨረሻውን ደብዳቤዬን አልረሳሁትም። አራት መቶ ምናምነኛ የምትወጣ ልጅ ቴኒስ ልጫወት ብላ ከአገር አገር ስትዞር ዝም ብለሽ ታያለሽ ወይ፣ አስተዪያትና ትማር ብዬሽ ነበር። ትክክል የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ አስተምሬ፣ ሠላሳ ዓመት የተማሪ ደረጃ አውጥቼ፣ ከስልሳ ልጅ ሃምሳኛ የወጣውን ከነአባቱ አስጠርቼ የምቆጣ ሰው ነኝ። አራት መቶ የሚባል ደረጃ በካርድ ላይ ጽፌ አላውቅም።

የባሰውን ግን አልነገርኩሽም። ያኔ ጎረቤቶች እናታችንን የልጅ ልጅሽ ስንተኛ ወጣች እያሉ ሲጠይቋት፣ እሷ ደግሞ እኔን ጠየቀችኝ። አራተኛ አልኳት። ለተማሪ ግማሽ ነጥብ ጨምሬ የማላውቀው ሰውዬ ሁለት አሃዝ ቆርጬ ጣልኩ። እሷም እሑድ በጉባኤ ፊት ቆማ፣ የአባይነሽ ልጅ ከዓለም አራተኛ ወጥታልኛለች ብላ ምስጋና አቀረበች። ከዚያ ወዲህ ከቦዲቲ ሳይቀር ዘመድ እየመጣ እንኳን ደስ ያለሽ ሲላት ጥርሴን ነክሼ እሰማ ነበር።

ደረጃዋን ግን መከታተል አልተውኩም። በየሰኞው ሲታወጅ ትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ኢንተርኔት ቤት ገብቼ አያለሁ፤ መብራት ከጠፋ ማክሰኞ እመለሳለሁ። ሁሉንም በደብተር ጽፌዋለሁ። ግንቦት ላይ ስሟን አዲስ አበባ በሚካሄድ አንድ ትንሽ ውድድር ዝርዝር ውስጥ አገኘሁት። በአንቺ እንዴት እንደተናደድኩ አትጠይቂኝ። ልጃችን አዲስ አበባ ድረስ ስትመጣ እኛ ከኢንተርኔት ቤት እንስማ? ለእናታችን ስነግራት ቃሪያ ከቅመም ጋር ፈጭታ ዳጣ አዘጋጅታ በጠርሙስ ሞላችና አፉን በላስቲክ ጠፍራ ሰጠችኝ። እኔ መንገዱን አልችለውም፤ ይህን ስጣትና ይዘሃት ና አለችኝ።

አዲስ አበባ ስደርስ ከሜዳው ዳር አሥራ አምስት ሰው አንሞላም ነበር። የኮሪና ቁመት የአባቷ ነው፤ ቀኝ ትከሻዋን አስቀድማ መራመዷ ግን ልክ እንደ እናታችን ነው። ጉልበቷ በፋሻ ታሥሯል። አሠልጣኝ የላትም፤ ቦርሳዋንም ውኃዋንም ራሷ ተሸክማ ገባች። በሳተች ቁጥር ራሷን በሩማንኛ ትቆጣለች። ቃሉን ባልሰማውም ቁጣውን አወቅሁት፤ የቤታችን ቁጣ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ታግላ ተሸነፈች። አጠገቤ የተቀመጠ ሰውዬ በእጁ የያዘውን ወረቀት አየና «አራት መቶ ምናምነኛ ሆና ነው ከሩማኒያ ድረስ የመጣችው?» ብሎ ሳቀ። ላንቀው ተነሣሁ። ከዚያ ይህን ከእሱ በፊት የጻፍኩት እኔ መሆኔ ትዝ አለኝና ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ስትወጣ በክንድ ርቀት አጠገቤ አለፈች። ጠርሙሱን ይዤ ቆሜ ነበር። ምን ልበላት? ተዪው ብሎ የጻፈው አጎትሽ እኔ ነኝ ልበላት? ቀና ብላ አየችኝ፤ ለማታውቀው ሽማግሌ እንደሚደረገው በትሕትና ራሷን ዝቅ አደረገችልኝና ሄደች። ያ ሰላምታ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። ሌሊቱን ሳስብ አድሬ ጠዋት ወዳረፈችበት ሆቴል ብሄድ፣ ለሚቀጥለው ውድድር ወደ ቱኒዝ በራለች አሉኝ።

ሶዶ ስመለስ እናታችን ጠርሙሱን ተቀብላ ዳሰሰችው። ላስቲኩ እንደታሠረ ነው። ያኔ ሁሉንም ነገርኳት፤ ደብዳቤውንም፣ አራት መቶ አሥራ ሁለተኛዋን አራተኛ ያልኩትንም። ጠርሙሱን አስቀመጠችና ከስንት? አለችኝ። እኔ፣ አስተማሪው፣ ይህን ሳልጠይቅ ነው የፈረድኩባት። ከዓለም ሴት ተጫዋች ሁሉ ነው ስላት፣

«ታዲያ ከዚህ ሁሉ ዓለም የሚቀድሟት አራት መቶ አሥራ አንድ ብቻ ናቸው? ምኑን አፍረህ ነው የደበቅከኝ?» አለች።

በቀጣዩ እሑድ እንደገና ጉባኤው ፊት ቆማ ቁጥሩን አስተካክላ ተናገረች። ምእመኑ እልል አለ። እኔ ከኋላው ወንበር መሬት መሬት አይ ነበር።

አባይነሽ፣ ይቅርታ መጠየቅ እንዳልለመድኩ ታውቂያለሽ። በደብዳቤው ተሳስቻለሁ። መጫወቱም መተዉም የኮሪና ጉዳይ ነው። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፤ በመስከረም ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ ይዘሻት ነይ። የወላይታ ልጅ በየአገሩ ተበትኖ ከርሞ ለጊፋታ ወደ ቤቱ ይገባል። አንቺ ግን በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ ለአባታችን ለቅሶ ከመጣሽባት አንዲት ሳምንት በቀር ደጃችንን አልረገጥሽም። እናታችን በየዓመቱ ከሚታረደው ሰንጋ ድርሻሽን ለይታ ታስቀምጣለች፤ ለመጪው የሁለት ሰው ነው የማስቀምጠው ብላለች። ዳጣው እስከዚያ ስለማይቆይ እኛው በላነው። ጠርሙሱን አጥባ መስኮቱ ላይ ደፍታዋለች። ሰው ከሩቅ ሲመጣ ፊቱን መለየት አቅቷታል፤ አረማመድ ግን ገና ትለያለች። ያም ሳይጠፋባት ድረሱ።

ባለቤቴ ወይንሸት በጣም ናፍቃሻለች፤ ልጄ ባርኮት አክስቴን ሳምልኝ ብላለች። እናታችን በስምሽ ጠርታ ባርካሻለች። ሚሃይን እጁን ጨብጬዋለሁ በይልኝ። ለኮሪና ደግሞ በቋንቋዋ ንገሪያት፤ አዲስ አበባ ሜዳው ዳር ጠርሙስ ይዞ የቆመው ሰውዬ አጎትሽ ነበር በያት።

ወንድምሽ ደገፉ ዳልጮ
ወላይታ ሶዶ፣ ሰኔ 17 ቀን 2004 ዓ.ም.