ደረጃ ወጥታ የመጣች ሴት ቀለም

መስከረም 21

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር፦ የጉንጭ ቀለሙ የሚፈለገው ለእኔ አይደለም፤ ለባለቤቴ ነው። ይህንን ለሻጯ ሁለት ጊዜ ነገርኳት። በመጀመሪያው "እሺ ጋሼ" አለችኝ። በሁለተኛው ሳቋን ዋጠች። ሁለተኛውን ባልናገረው ይሻል ነበር።

አሮጌው አልቋል። ክብ ዕቃው መሃሉ ላይ ብረቱ መታየት ከጀመረ ቆይቷል፤ ጠርዙ ላይ የቀረውን በጣቷ እየፋቀች ትቀባ ነበር። ትናንት እጇ ተንቀጠቀጠና ወድቆ ተሰበረ። "ሂድና ሌላ ግዛልኝ" አለች። እንደ ዳቦ...

ዕድሜዋን ሙሉ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነበረች። ጉንጯን ሳትቀባ ከበር ወጥታ አታውቅም። እኔ ሳይንስ ሳስተምር ፊቴ ላይ ያረፈው የጠመኔ ብናኝ ብቻ ነው። ታዲያ እንዴት ነው የምመርጠው?

"ምን ዓይነት ቀለም?" አልኳት።

"ደረጃ ወጥታ የመጣች ሴት ቀለም።"

"ስንት ደረጃ?"

"አንተ ሰው..." ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋ ግን ይስቅ ነበር።

ሻጯ የእጄ ጀርባ ላይ አንዱን አሰመረችና "ያምራል" አለች። ሌላውን አሰመረች። "ይሄም ያምራል።" ሁሉም የሚያምር ከሆነ ምርጫው ምኑ ላይ ነው? ደግሞስ የእጅ ጀርባ ከጉንጭ ጋር ምን አገናኘው? ሳልገዛ ወጣሁ።

መንገድ ላይ የድሮ ባልደረባዬን አገኘሁት፤ የሒሳብ መምህሩን። ሲጨብጠኝ እጄን አየው። ከሮዝ እስከ ቡናማ የተደረደረ መስመር።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ቀለም እየቀባን ነው።"

"ቤቱን?"

"አዎ... ቤቱን።"

ለምን ዋሸሁ? ሚስቴ ጉንጯን መቀባቷ ምኑ ያሳፍራል?

መስከረም 23

ዛሬ በዘዴ ሄድኩ። ጠዋት አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ የማትወደውን ጠየቅኋት። የሚያብረቀርቅ አትወድም። "መኪና አይደለሁም" አለች። ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ የተመታች ያስመስላታል። ፈዛዛው ሮዝ ዕቃው ውስጥ ሲያዩት ያምራል፤ በእሷ ቆዳ ላይ ግን አመድ ነው። ሽታ ያለው ራሷን ያማታል፤ አሁን ደግሞ ይብስባታል።

የእኔም ጥላቻ ተጨመረበት። ክዳኑ የማይገጥም። ውስጡ ያለው ብሩሽ ለአሻንጉሊት ጥርስ የተሠራ የሚመስል። ሰው ሁሉ ጣቱን የነከረበት መሞከሪያ። ከሁሉ ከሁሉ ስሙ... "የበጋ ሹክሹክታ" ብለው ይጽፉበታል። ሹክሹክታ ምን ዓይነት ቀለም አለው? ጡብ ቢሉት፣ የበሰለ ኮክ ቢሉት ይገባኝ ነበር።

ሁለተኛው ሱቅ ውስጥ አምፖሉ ቢጫ ነው። በቢጫ ብርሃን ቀለም አይመረጥም። በሩ ድረስ ይዤው ልውጣ አልኩ።

"ይዘው ሊሮጡ ነው እንዴ ጋሼ?"

"በዚህ ጉልበቴ?"

ሳቀችና ፈቀደችልኝ። የአሮጌውን ስባሪ በወረቀት ጠቅልዬ ይዤ ነበር። በእጄ አንጓ ውስጠኛ በኩል ጎን ለጎን አድርጌ አስተያየኋቸው። ሦስተኛው ቀረበ። የጡብ ቀለም ነው፤ ትንሽ ቀይ የነካው፤ አያብረቀርቅም፤ አይሸትም። ክዳኑ ቀጭ ብሎ ይዘጋል።

ቤት ስገባ በጣቷ ነካ አድርጋ መስኮቱ ጋ አየችው።

"ከመቶ ስንት?" አልኳት።

"ሰማንያ።"

"ሃያው በምን ተቀነሰ?"

"ጥያቄ በማብዛት።"

መስከረም 25፣ እሑድ

እሑድ እሑድ ልጃችን በቪዲዮ ትደውላለች። ሚጢ እንላታለን፤ ትልቅ ሰው ሆናም አለቀቃትም። ሩቅ ነው የምትሠራው። ስለ እናቷ የምታውቀው "ደም ማነስ ነው፣ ኪኒን ይዣለሁ" የተባለችውን ብቻ ነው። ከዚያ በላይ መሆኑን እኔም አውቃለሁ። ምን ያህል በላይ እንደሆነ ግን ሐኪሙን ጠይቄው አላውቅም። ፈርቼ...

ባለቤቴ ራሷ ልትቀባ ሞከረች። ብሩሹ በእጇ አልጸና አለ። "አንተ ቀባኝ" አለች። ቀባኋት። ሁለት ክብ ሳንቲም ሠራሁ።

"እማዬ፣ ማነው በጥፊ ያጮለሽ?" አለች ሚጢ።

"መብራቱ ነው" አለች እናቷ።

"ከሳሽ እንዴ?"

"ስልኩ ነው።"

ስልኩ እንደተዘጋ አንዱን ሳንቲም በመዳፏ ጠረገችው። ከዚያ "እንዲህ ሆኜ አይታኝ አታውቅም" አለች። "ለሚቀጥለው በደንብ ቀባኝ።"

መስከረም 28

ልምምድ። እየቀባሁ ፎቶ አነሳሁ፤ ጠርጌ እንደገና ቀባሁ። ስልኩ ቀለም ይበላል፤ ለዓይን የበቃው ለስልክ አይበቃም። ጉንጯ ጎድጉዷል። ቀለሙ ጎድጓዳው ላይ ሲያርፍ ጥላ ይሆናል፤ ከፍ ብሎ አጥንቱ ላይ ሲያርፍ ሥጋ ይመስላል። ብሩሹን እፍ ብሎ ማራገፍ። ከመስኮቱ ፊት ለፊት ሳይሆን በጎን ማስቀመጥ። ነጩ ሻርፕ ያገረጣታል፤ የሸክላ ቀለሙ ይሻላል።

"ስንት ሴት ቀብተህ ታውቃለህ?"

"የመጀመሪያዬ አንቺ ነሽ።"

"ያኔም እንደዚሁ ብለኸኝ ነበር።"

ዓይኗን ጨፍና ፊቷን ሰጠችኝ። ይህን ያህል ቀርቤ ካየኋት ስንት ጊዜዬ ነው?

ጥቅምት 2፣ እሑድ

ተሳካ።

"ውይ እማዬ፣ አምሮብሻል" አለች ሚጢ ገና እንዳየቻት። "ካለፈው ዓመት ትሻያለሽ እኮ። እኔ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ስጨነቅ..."

ከዚያ ነገሩን አነሳች። ለኅዳር ፈቃድ ወስዳ ልትመጣ ነበር። መሥሪያ ቤቷ ሰው ጎድሎባቸዋል፤ አለቃዋ ወደ ሚያዝያ አዛውሪው ብሏታል። እናቷ ደህና ከሆነች እሺ ልትለው ነው።

"ሥራሽን ሥሪ" አለች እናቷ።

"አባዬ፣ አንተ ንገረኝ። አንተ አትዋሽም። እማዬ ደህና ናት?"

"እያየሻት አይደል?" አልኳት።

"አየኋት" አለች። ፊቷ ተፈታ። እሺ ልትለው ነው።

ጥቅምት 3

"እያየሻት አይደል?"... ከጠዋት ጀምሮ ጆሮዬ ላይ ነው።

ውሸት አልተናገርኩም። ጥያቄ ነው የጠየቅኩት። ተማሪ እንዲህ ብሎ ቢመልስልኝ ከክፍል አስወጣው ነበር።

ከዚህም የባሰ አለ። ይጻፍ፤ ማንም አያነበውም። "ካለፈው ዓመት ትሻያለሽ" ስትላት ደስ አለኝ። ለእናቷ አይደለም ደስ ያለኝ። ለእጄ ነው። ሙሉ ውጤት እንዳገኘ ልጅ... ልጄ ወደ እናቷ ሳትመጣ ስትቀር እኔ በቀለሜ ኮራሁ።

ጥቅምት 6

ሐኪም ቤት። ነርሷ ባለቤቴን ልብሷን ስታለብሳት ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ወሰደኝ። ወጣት ነው፤ ሲናገር ጫማውን ያያል።

"ልጅ አላችሁ?"

"አንዲት። ሩቅ ናት።"

"መቼ ትመጣለች?"

"ሚያዝያ።"

እንደገና ጫማውን አየ።

"እኔ ብሆን ሚያዝያን አልጠብቅም፣ መምህር። ኅዳርንም..." አልጨረሰውም።

ታክሲ ውስጥ እጇን ይዤ ተቀመጥኩ። በመስኮቱ እያየች "ነገረህ?" አለች።

"ምኑን?"

"ለእኔ ባለፈው ወር መጀመሪያ ነግሮኛል።"

ባለፈው ወር መጀመሪያ? ቀለሙን ከመግዛቴ በፊት ነው። እያወቀች ነው "ሂድና ግዛልኝ" ያለችኝ።

"ለሚጢ እንንገራት" አልኩ።

"ሥራዋን ገና መጀመሯ ነው። ጥላው መጥታ አልጋዬ ሥር ተቀምጣ ታልቅስ? እንዳትነግራት። አደራ።"

ባለ ታክሲው ሬዲዮኑን ቀነሰ። ሰምቶናል። እኔም እሺ አልኩ።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ቀባኋት።

ሐኪሙ የነገረኝን እያወቅኩ ቀባኋት። ብሩሹን እፍ አልኩት፤ ከፍ አድርጌ አጥንቱ ላይ፤ ሻርፑን አስተካከልኩ። እስከ ዛሬ ከቀባኋት ሁሉ ያማረው ይሄ ነው። ሚጢ ስለ ጎረቤቷ ውሻ አወራች። እናቷ ሳቀች። እኔ ከስልኩ ጀርባ ቆሜ መጋረጃውን ይዤ ነበር፤ ብርሃኑ እንዳይሸሽ።

ልጄ ከመዝጋቷ በፊት "አባዬ የት አለ?" አለች። "እዚህ ነኝ" አልኩ እንጂ ወደ ስልኩ አልመጣሁም። ምን ዓይን አለኝ?

ስልኩ ሲዘጋ ባለቤቴ በቀኝ ጎኗ ተኝታ እንቅልፍ ወሰዳት። ስትገላበጥ አየሁ። ቀኝ ጉንጯ ራቁቱን ነው፤ እንደ ሻማ። ግራው ደረጃ ወጥታ የመጣች ሴት። ቀለሙ ትራሱ ላይ ቀርቷል። ብቻውን፣ የማንም ያልሆነ ጉንጭ...

ፎቶ ላነሳት ስልኩን አወጣሁ። ለሚጢ ልልከው። መልሼ አስቀመጥኩት። ተኝታ ሳለች ፊቷን አሳልፌ ልሰጥ ነበር? እስከ ዛሬ ሳትቀባ ሰው አይቶት የማያውቀውን?

የትራሱን ልብስ አውልቄ በሳሙና አሸሁት። አለቀቀም። የገዛሁት ቀለም ጥሩ ነው፤ ይይዛል።

ጥቅምት 10

የትራሱን ልብስ ገመዱ ላይ አየችው።

"ምን ሆነና ታጠበ?"

"ቀለም ነክቶት።"

"ለቀቀ?"

"አለቀቀም።"

ሾርባዋን ሁለት ማንኪያ ቀምሳ ገፋችው። እንደ ድሮው የክፍል ትምህርቴ ልግባበት አልኩ፤ መጀመሪያ ዓላማውን፣ ከዚያ ማስረጃውን... ከአፌ የወጣው ሌላ ነው።

"ከእንግዲህ አልቀባሽም" አልኳት።

"ለምን?"

"አፍሬያለሁ።"

"በእኔ?"

"በእጄ። ልጄ አንተ አትዋሽም አለችኝ። እኔ ደግሞ ጉንጭሽን አስዋሸሁት።"

ጣቷ የብርድ ልብሱን ጠርዝ ይቆጥራል። እንባ የመጣ መስሎኝ ነበር። አልመጣም።

"ታዲያ ማን ሊቀባኝ ነው? ሳልቀባ አላያትም። ይሄን ደግሞ ታውቃለህ።"

"እሷ ትቀባሽ። መጥታ።"

አየችኝ። ልትቆጣ ነበር... ከዚያ ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ላላ። ቀለም ሳይነካው ላላ።

"ሥራዋስ?"

"ሥራ ጡረታ ይወጣል። እኔን አታዪም?"

"አንተን አይቼ ነው የምፈራው።" ከዚያ "የሷ እጅ ካንተ ይሻላል" አለች። "አንተ ስትቀባ ፈተና የምታርም ነው የምትመስለው። ትንፋሽህን ትይዛለህ።"

ይሄ እሺ ነው። የሷ እሺ እንዲህ ነው።

ጥቅምት 11

ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወጣ የሒሳብ መምህሩ ሰልፉ ላይ ከኋላዬ ነበር።

"ቤቱ አለቀ?" አለኝ።

"ቤት አልቀባሁም። የባለቤቴን ጉንጭ ነበር። ታማብኛለች።"

ዳቦዬን ተቀብሎ እስከ በራችን ይዞልኝ ሄደ።

ለሚጢ መልእክት ልልክ ነው። እንደ ልማዴ መጀመሪያ እዚህ እጽፈዋለሁ። ባለቤቴ ነቅታለች። ሳነብላት ሁለት ቦታ አሳጠረችው።

"ሚጢዬ፣ ያለፉትን ሁለት እሑዶች ያየሽው የእናትሽ ፊት እኔ የቀባሁት ነው። ደህና እንድትመስልሽ ተለማምጄ ቀብቻታለሁ። 'እያየሻት አይደል?' ያልኩሽን ሰርዢው። አላየሻትም። ሕመሙ ከደም ማነስ በላይ ነው፤ ሐኪሙ ሚያዝያን አትጠብቁ ብሎናል፤ ኅዳርንም ቢሆን። እሷ ካወቀች ቆይታለች። ሥራሽን ጥለሽ እንዳትመጪ ብላ ነው የደበቀችው፤ የቀባሁት ግን እኔ ነኝና የምትቆጪ ከሆነ እኔን ተቆጪ። ስትመጪ አንድ የጉንጭ ቀለም ይዘሽ ነይ። የማያብረቀርቅ፣ ሽታ የሌለው፣ ወደ ወይን ጠጅ የማይሄድ፤ ስሙን ሳይሆን በደጅ ብርሃን ቀለሙን አይተሽ ምረጪ። የእኔ ለፊቷ ትንሽ ደምቋል። ከመቶ ሰማንያ ነው የሰጠችኝ፤ ሃያውን ሚጢ ትሞላዋለች ብላለች። ፊቷን ታጥባ አንቺን ትጠብቃለች። መቼ እንደምትነሺ ዛሬውኑ መልሺልኝ።"