ከፍልፈሏ የተማርኩት ስፓኒሽ

ይድረስ ለምሳሳልሽ እህቴ፤

እንደምን አለሽልኝ? እንዴት ከረምሽ? ወገቤን ይዞኛል ያልሽው ለቀቀሽ ወይ? የሆስፒታሉ ሥራስ ቀለል አለልሽ ወይስ አሁንም ቆመሽ ነው የምትውዪው? ዳቦ ጋጋሪው ባልሽ ደህና ነው? ልጅሽ ሚጢጢስ፣ የወለቀው የፊት ጥርሷ በቀለ? እኛ ከአንቺ ናፍቆት በቀር ምንም አልጎደለብንም። እማዬን ጠዋት ጠዋት ጉልበቷ ያስቸግራታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። ባለቤቴም ደህና ናት። የሱቁ ጣሪያ ማፍሰሱን ትቷል፤ የደፈንኩት እኔ ነኝና አይግረምሽ።

ይሄን ሁሉ ሰላምታ ስደረድር እየሳቅኩ ነው። ደብዳቤው ራሱ የሰላምታ ጉዳይ ነው፤ ቆይ፣ ትደርሺበታለሽ።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፈው ትዪ ይሆናል። ስልክ ላይ ግማሹን ሳልጨርስ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ የቀረውን ግማሽ ደግሞ ኔትወርኩ ይበላዋል። ይሄ ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቁጭ ተብሎ የሚነበብ ነው። ከአንቺ ደብቄ የሠራሁት ሥራ አለ። ባልሽም አለበት፤ እሱን ግን እንዳትቆጪው፣ ያሳመንኩት እኔ ነኝ።

ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት እየተያየን የደወልንላችሁን ቀን ታስታውሻለሽ። ስልኩን እንደ ልማዳችን ተቀባበልነው። እማዬ ያዘችና «ደህና ነሽ? ደህና ነሽ ወይ? አደግሽልኝ?» አለች። ቀጥላ ባለቤቴ፣ ቀጥዬ እኔ፣ ከዚያ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ መቀሷን እንደያዘች፣ በመጨረሻም ቴሌቪዥኑን ሊወስድ የመጣ የማላውቀው ደንበኛ። እሱ እንኳ ስልኩ እጁ ከገባ አይቀር ብሎ «ደህና ነሽ ወይ?» አላት። ሚጢጢ አንድ ቃል አልገባትም። ዓይኗን ከአንዱ ወደ ሌላው ስታንከራትት ቆየችና ጠረጴዛው ሥር ገባች። ከዚያ ወዲህ የእኛ ስልክ በጮኸ ቁጥር መደበቋን አንቺው ነግረሽኛል።

ታዲያ ከአምስት ወር በፊት ያንን የድምፅ መልእክት ላክሽልኝ። «ሚጢጢ አገር ቤት አልመጣም ብላለች፤ ማንንም አላውቅም፣ የሚሉትም አይገባኝም ትላለች። ላስገድዳት አልችልም። ከአባቷ ጋር ትቻት ለብቻዬ ብቅ ብዬ እመለሳለሁ» አልሽ። እኔ ብቻ የምሰማው መስሎሽ ነበር። ለካ ስልኬን ከምጠግነው ትልቅ ድምፅ ማጉያ ጋር አያይዤዋለሁ፤ ሱቁ በሙሉ ሰማ። እማዬ ደግሞ በሩ አጠገብ ወንበሯ ላይ ነበረች።

ልጅ ናት፣ አትፍረዱባት ብላ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። ከሰዓት በኋላ አንድ የተከፈተ ቴሌቪዥን ላይ ጎንበስ ብዬ ስሠራ ከኋላዬ መጣችና፣ አንተ ድምፅ አልወጣ ያለውን ቴሌቪዥን ሁሉ ታናግራለህ፣ አንዲት ሕፃን ማናገር አቃተህ ወይ? አለችኝ። ካቻቪቴውን አስቀመጥኩት። ከፍቼ የማልጠግነው ነገር የለም ብዬ ሃያ ዓመት ሙሉ ስፎክር የኖርኩ ሰው ምን ልበላት?

ሚጢጢ የምትናገረውን ስፓኒሽ ልማር ብዬ ተነሳሁ።

መጀመሪያ የሠራሁትን ልንገርሽና ሳቂብኝ። ከመዝገበ ቃላት ላይ ቃል በቃል እየለቀምኩ የኛን ሰላምታ እንዳለ ወደ ስፓኒሽ ገለበጥኩት። እንዴት አደርሽ፣ እንዴት ዋልሽ፣ እንዴት ከረምሽ፣ ጤናሽ እንዴት ነው፣ የቤት ሰው ጤናው እንዴት ነው፤ አንድ ሙሉ ገጽ ሞላ። ከባልሽ ጋር በስልክ መተርጎሚያ እየተጻጻፍን ቀን ቆረጥን። እሱ ከዳቦ ቤት ወጥቶ ልጅቷን ከትምህርት ቤት ሲያመጣት፣ አንቺ ሥራ ላይ ሳለሽ ደወልኩ። ጉሮሮዬን ጠራርጌ ገጼን ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት። በኋላ ባልሽ እንደጻፈልኝ፣ ሚጢጢ ወደ አባቷ ዞራ፣ ይሄ ሰውዬ ሐኪም ነው ወይ፣ ታምሜያለሁ ወይ ብላ ጠየቀችው። ከዚያ ሮጣ ሄደች። ባልሽ፣ አዎ ሐኪም ነው፣ የቴሌቪዥን ሐኪም ነው ብሏት ነበር፤ ግን አልሰማችውም። አፈርኩ፣ እውነቴን ነው። ያን ቀን ሱቄን ቀደም ብዬ ዘጋሁ።

መድኃኒቱ የተገኘው ጣሪያ ላይ ነው። የአንድ ደንበኛ ዲሽ አቅጣጫ ስቶ እሱን ሳስተካክል ይዣት በወጣኋት ትንሽ ቴሌቪዥን ላይ ድንገት አንድ ጣቢያ ገባ። ስፓኒሽ ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ካርቱን ብቻ። መነጽር ያደረገች አንዲት ፍልፈል አለች። ሥራዋ ከመሬት በታች ዋሻ እየቆፈረች ለእንስሳቱ ሁሉ ፖስታ ማድረስ ነው። በየቀኑ ዋሻው ይናድባታል፣ በየቀኑ ታመልጣለች፣ በየቀኑ ፖስታው ይደርሳል። እዚያው ጣሪያ ላይ ሆኜ ባልሽን በጽሑፍ ጠየቅኩት፤ ሚጢጢ የምታየው ምንድን ነው? ፍልፈሏን ነው አለኝ። ሌላ ምንም አይነካትም አለ። የዚያን ደንበኛ ዲሽ አስተካክዬ ወረድኩና በማግስቱ የራሴን ወደዚያው አዞርኩት።

ተማርኩ ስልሽ እንዲያው በመቀመጥ እንዳይመስልሽ። መጀመሪያ ድምፁን አጥፍቼ አያለሁ፣ ምን ይባባሉ ይሆን እያልኩ እገምታለሁ። ያንኑ ክፍል እንደገና ሲያሳዩት ድምፁን ከፍቼ ግምቴን አርማለሁ። በሦስተኛው ቃሉን ደብተሬ ላይ በፊደላችን እጽፋለሁ። የኛ ፊደል ለስፓኒሽ የተፈጠረ ይመስላል፤ የሚሉት እንዳለ ይቀመጥልሻል። ካርቱን ደግሞ አስተማሪ ነው፤ ውደቂ ስትባል ትወድቃለች፣ ገመድ ሲባል ገመድ ይታያል። ሰውየው አፉን ሸፍኖ የሚያጉተመትምበት ዜና አይደለም።

ሰፈሩ ግን አልማረኝም። ደንበኛ ሲገባ እኔ ከሕፃናት ፕሮግራም ፊት ተገትሬ፣ በተከፈተ አፍ፣ እጄ ላይ ደብተር። ልብስ ሰፊዋ ሰውየው ዕድሜው ወደ ኋላ መቁጠር ጀምሯል ብላ አስወራችብኝ። በኋላ ግን ራሷ ስፌቷን ይዛ እየመጣች ከእማዬ ጎን መቀመጥ ጀመረች። እማዬማ ፍልፈሏን ልጄ ካለች ቆየች። ስትወድቅ «እኔን!» ትላለች። ቋንቋው ሳይገባት ታሪኩ ከእኔ ቀድሞ ይገባታል፤ ይቺ ልጅ ዛሬም እህል አልቀመሰችም፣ ደብዳቤ ብቻ ትሸከማለች ብላ ታዝናለች።

ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ ደወልኩ። ደብተሬን ፊቴ ዘረጋሁ። ባልሽ ስልኩን ሳሎን አስቀመጠው፤ ሚጢጢ ገና ድምፁን ስትሰማ ከሶፋው ጀርባ ገባች፣ የፀጉሯ ጫፍ ብቻ ይታየኛል። ደብተሬን ባገላብጥ ባገላብጥ ሰላምታ የሚባል ነገር አጣሁ። ለካ ፍልፈሏ ሰላም ብላ አታውቅም! ማንም ካርቱን ውስጥ ማንንም ደህና ነህ ወይ አይለውም፤ ሁሉም ይሮጣል። ምን ላድርግ፣ ያለኝን አወጣሁ። በፍልፈሏ ድምፅ፣ በአፍንጫዬ፣ «ኮሬ፣ ኮሬ! ኬ ሴ ካኤ ኤል ቱኔል!» ብዬ ጮህኩ። ሩጪ፣ ሩጪ፣ ዋሻው ሊናድ ነው ማለት ነው።

ከዚያ ከሶፋው ጀርባ ቀጭን ድምፅ መጣ። «ፖር ዶንዴ?» በየት በኩል? አለች።

እህቴ፣ ስንት ቴሌቪዥን ጠግኜ ድምፅ አውጥቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ደስታ ግን አላውቅም። በግራ በኩል አልኳት። ወጣች። ትራስ ተሸክማ ሳሎኑን ዞረች። ገመድ ወርውሪልኝ አልኩ፣ የመጋረጃውን ማሰሪያ ፈታች። ባልሽ ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ ማድ ቤት ገባ። ያን ቀን ፖስታው ደረሰ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ሦስት ወር ሆነን፤ በሳምንት ሁለት ቀን። ዶክተር ትለኛለች። የመጋረጃው ማሰሪያ ለምን እንደሚጠፋ ስትጠይቂ ከርመሻል አሉ፤ አሁን አወቅሽ። ስፓኒሽ ተናጋሪ ነኝ ብዬ ደረቴን እነፋለሁ፣ እውነቱን ግን ላንቺ ልንገርሽ፤ ገበያ ብትልኪኝ ዳቦ መግዛት አልችልም። ጎርፍ ቢመጣ፣ ድልድይ ቢሰበር፣ ንስር ቢያሳድደን ግን እኔን ተከተሉኝ። አፍንጫዬም ከፍልፈሏ ጋር ቀርቷል፤ በራሴ ድምፅ ልናገር ብል ሚጢጢ አይሆንም ትላለች።

ሩጫ ብቻውን ግን የትም አያደርስም። ባልሽ ይሄን ሲያይ ረዘም ያሉ የአኒሜሽን ፊልሞች በስልክ ይልክልኝ ጀመር። እነሱ ሌላ ናቸው። ፊልም ውስጥ ቆም ብለው ይነጋገራሉ፣ ይናፍቃሉ፣ ይቅር ይባባላሉ። አትፍሪ፣ ጠብቂኝ፣ ናፍቀሽኛል የሚሉትን ቃላት ያገኘሁት ከእነሱ ነው። አንድ ግልገል ድብ እናቱን የሚያገኝበት ቦታ ላይ ልብስ ሰፊዋ በምትሰፋው ሸሚዝ ዓይኗን ጠረገች። እኔም ቃሉን እየጻፍኩ ነው ብዬ ደብተሬ ላይ አቀረቀርኩ።

እነዚያን ቃላት ከያዝኩ በኋላ ነው እማዬ ጥያቄዋን የላከችው። ከጎኔ ቁጭ ብላ፣ ለምን እንደምትፈራን ጠይቅልኝ አለች። ቃል እየለቃቀምኩ ጠየቅኩልሽ። ሚጢጢ አሰብ አደረገችና እንዲህ አለችኝ፤ አልፈራችሁም፣ ግን ሁላችሁም አንድ ዓይነት ጥያቄ ትጠይቁኛላችሁ፣ እኔ መልሱን አላውቀውም፣ ካልመለስኩ ደግሞ ሌላው ሰው መጥቶ ይጠይቀኛል።

ለእማዬ ስተረጉምላት እጇን አፏ ላይ አደረገች። አየሽ፣ ልጅቷ ፈተና ላይ ያስቀመጥናት መስሏት ኖሯል። እኛ ፍቅራችንን እንገልጻለን ብለን አምስት ሆነን ስንጠይቃት፣ እሷ አምስቴ ወደቅኩ ብላ ጠረጴዛ ሥር ገባች። ጥያቄ አይደለም፣ በር ማንኳኳት ነው አልኳት። አንድ ሰው ሲያንኳኳ ምን ትያለሽ? እዚህ ነኝ ትያለሽ፣ በቃ። መልሱም አንድ ቃል ነው፣ ደህና። እሱን ካልሽ ማንም አይጥልሽም።

ደህና አለች። ደገመችው። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ጠየቀችኝ፤ እኔም ማንኳኳት እችላለሁ ወይ? አለች።

እንግዲህ ወደ ቁም ነገሩ መጣሁ። እስከ ወሩ መጨረሻ ትኬቴን እቆርጣለሁ ብለሽኛል። ሁለት ቁረጪ። ይሄን የምልሽ ምናልባት ይሆናል ብዬ አይደለም፤ ልጅቷ እመጣለሁ ብላለች፣ አባቷም ምስክር ነው። ለምን አማርኛ አላስተማርሻትም ብዬ የምወቅስሽ እንዳይመስልሽ። ከሥራ ስትገቢ የሚቀርሽን ጉልበት አውቀዋለሁ፤ ይሄንን አትያዢብኝ። እማዬ ግን ሁለተኛ እንደዚያ ፊቷን ወደ መንገዱ እንድታዞር አልፈልግም። ስትመጡ የሚሆነውን ደግሞ ከወዲሁ ደንግጌያለሁ፤ በሩ ላይ ተሰልፎ የሚጠብቅ የለም። አንድ በአንድ ነው። ልብስ ሰፊዋ ሁለተኛ ቀን ላይ ትገባለች፤ አኩርፋለች፣ ይለቃታል።

ለዳቦ ጋጋሪው ባልሽ ከልብ የሆነ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ እንዲህ ያለ ምስጢር ጠባቂ አማች አላየሁም በይልኝ። ባለቤቴ እጅግ አድርጋ ሰላም ብላሻለች፤ የምትተኙበትን ክፍል ቀለም ቀብታ ጨርሳለች። ልብስ ሰፊዋ እያኮረፈችም ቢሆን ሰላም ብላለች፤ የሚጢጢን የቁመት ልክ ላኪላት።

ለሚጢጢ ግን ምንም እንዳትነግሪያት፤ አንቺንም ልታስደንቅሽ ነው። መታጠቢያ ቤት ገብታ ብቻዋን ስታጉተመትም ብትሰሚ አታንኳኪባት። ለአያቷ የምትለውን እየተለማመደች ነው። «እንደምን አሉ»ን ጨርሳለች፣ «እንዴት ከረሙ»ንም ይዛለች፤ ባለፈው ሐሙስ «ጉልበትዎስ» ላይ ደርሰናል። እማዬ ደግሞ በበኩሏ ከፊልሙ የያዘቻትን አንዲት መልስ፣ «አኪ ኤስቶይ» የምትለዋን፣ እዚህ ነኝ የምትለዋን፣ በሩ አጠገብ ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ ስትደጋግም ትውላለች።

ወንድምሽ
የቴሌቪዥን ሐኪሙ

ከሱቁ፣ ከተከፈተው ቴሌቪዥን አጠገብ
ረቡዕ፣ የካቲት 12 ቀን