ለሽማግሌው ውሻ የተፈላው አበባ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብኝ የለም።

አድርቀሽ የላክሽልኝ የእንቅልፍ አበባ ደርሶኛል። አንድ ስኒ ጠጥቼ ጋደም ስል ክፍሌ ቀስ ብላ ትንሳፈፍና አንቺ መስኮት ስር ታደርሰኛለች፤ ልብስ እያጠፍሽ ታንጎራጉሪያለሽ። ደስ ይላል።

ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ሲያጉረመርም የልብስ ሰፊዋ አሠሪዬ ውሻ እንደ ልማዱ መተኮሻው ጠረጴዛ ስር ገብቶ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ስላረጀ ሽማግሌው ነው የምንለው። አሠሪዬ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ከእሱ ሌላ ማንም የላቸውም። አንጀቴን በላውና አበባሽን አፈላሁለት። የለካሁት በቤታችን ደንብ ነው፤ ለልጅ ቁንጥር፣ ለሽማግሌ ሙሉ እፍኝ። ዕድሜ ይከበር ብዬ እፍኜን ሞላሁት! ከወተት ጋር ልሶ ጨረሰው።

ዝናቡ ወረደ። መብራት ጠፍቶ ማሽኖቹ ዝም አሉ፤ የክር ብናኝ በመስኮቱ ብርሃን ሲዋኝ እያየሁ ፈዝዤ ቀረሁ። ሽማግሌው አስመልሶ ሲዘረር ነው የባነንኩት። ቢጠሩት አይሰማም። አሠሪዬ ጎኑን እየዳበሱ አንተም ጥለኸኝ ልትሄድ ነው ሲሉት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ።

አቅፌው ወደ እንስሳት ሐኪሙ ሮጥኩ። ይዤለት የሄድኩትን አበባ አሽትቶ ካሞሚል ነው አለ። ስለ እፍኙ ስነግረው መጀመሪያ ሳቀብኝ፤ ለእንስሳ በክብደት እንጂ በዕድሜ አይለካም፣ እሱም ሐኪም ከፈቀደ ነው አለኝ። ከዚያ ሳቁን ትቶ ሌላ መድኃኒት ይወስድ እንደሆነ ጠየቀ። ለእግሩ ክኒን እንደሚውጥ ነገርኩት። ቅጠልና ክኒን ሆድ ውስጥ ሊጣሉ ይችላሉ፣ ከጓሮ የመጣ ሁሉ አይጎዳም ማለት አይደለም አለ። ሽማግሌው እዚያው አደረ። በማግስቱ ጆሮውን ሲያነሳ አሠሪዬ አለቀሱ፤ እኔም አብሬ አለቀስኩ። አሁን ሲያጉረመርም መጋረጃ ዘግተን አጠገቡ እንቀመጣለን።

እማዬ፣ አንቺም ደም ማቅጠኛ ክኒንሽን የምትውጪው በዚያው አበባ ሻይ ነው። ሐኪምሽን እስክትጠይቂ ድረስ ሻዩን ተይው፣ ክኒኑን ግን እንዳታቋርጪ፣ በሞቴ። ውሻውን አቅፌ ሮጥኩ፤ አንቺን ግን ከዚህ ሆኜ አቅፌ መሮጥ አልችልም።

አባዬን ጉንጩን ሳሚልኝ። አክስቴን ሰላም በያት፤ ሰፈሩን ሁሉ በቅጠል ማከሟን ትንሽ ትቀንስ። ታናሽ እህቴን እቅፍ አድርጊልኝ፤ ሐኪም ቤት እሷ ትውሰድሽ፣ የተባለሽንም ወዲያው ትጻፍልኝ።

የምትሳሳልሽ ልጅሽ

ከመስፊያ ቤቱ በላይ ካለችው ክፍሌ
ነሐሴ 12 ቀን