ኮምፒውተሩ የማያውቃት ልጅ

ሰኞ

ጠፋች። ያቺ ቀይ መስመር ጠፋች። ከጠዋት ጀምሮ ብቻዬን እየሳቅሁ ነው፤ ሰው ቢያየኝ የሸዋ ሮቢት ሙቀት ናላዋን አዞራት ይለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቶች ዓረብ አገር ላሉ ልጆቻቸው መልእክት ሊያስጽፉ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቴ ይመጣሉ። እነሱ ይናገራሉ፣ እኔ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል እጽፋለሁ። የልጆቹ ስልክ የእኛን ፊደል ሳጥን ሳጥን አድርጎ ነዋ የሚያሳያቸው። ኮምፒውተሩ ደግሞ አማርኛ አያውቅ፤ የተበላሸ እንግሊዝኛ እየመሰለው ከየቃሉ ሥር ቀይ ያሰምርበታል። "እንደምን አለሽ" ቀይ። "ልጄ" ቀይ። የልጅቷ ስም ቀይ። ሰላምታ ብቻ ጽፌ ገጹ በርበሬ የተደፋበት ይመስላል።

እናቶቹ አያነቡም፣ ቀይ ግን ያያሉ። ባለፈው ዘሐራ ከኋላዬ ቆማ፣ "አልማዝ፣ ይቺ ቀይ ምንድናት? ልጄ አንድ ነገር ሆናለች፤ አትደብቂኝ" አለችኝ። ዘሐራ ከሱቄ ፊት ለፊት ሽንኩርት የምትሸጠው ጎረቤቴ ናት። ኧረ ደህና ናት ብላት አላምን አለች። አልፈርድባትም። እኔም ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል እስክጨርስ ቀይ እስክሪብቶ ደግ ነገር ሲናገር አላየሁም።

ዛሬ ሰሎሞን መጣ። ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፣ ከደብረ ሲና እየወረደ ይሠራልናል፤ አገሩ ሁሉ ኢንጂነር ነው የሚለው። ላቡን እየጠረገ፣ "እትዬ፣ ቃሏ ላይ በቀኝ በኩል ይጫኑና ወደ መዝገበ ቃላት ጨምር የሚለውን ይንኩት። ከዚያ ወዲያ ያውቃታል" አለኝ።

ይኸው ነው? ይኸው ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ስንጨነቅ።

ማክሰኞ

ቀኑን ሙሉ ስጨምር ዋልኩ። ደህና። ሰላም። ሽንኩርት። ማሾ። ማንጎ። ሙቀት (እሷማ በየመልእክቱ አለች)። ኢንሻአላህ። እግዚአብሔር ይመስገን። የልጆቹን ስም ሁሉ፣ የእናቶቹንም። አንዲቷን ቃል በነካሁ ቁጥር ቀይዋ ብን ትላለች። ጥርስ እንደመንቀል ደስ ይላል፣ የሌላ ሰው ጥርስ ከሆነ።

ዘሐራም መጣች። የእሷ ነጃት ነገሯ ከባድ ነው። ከአሠሪዋ ቤት ጠፍታ ነው ያለችው፤ ያን ሰሞን ሰው ሁሉ ከሳውዲ ሲመለስ እሷ ተደብቃ ቀረች። እዚያ በሌላ ስም ነው የምትጠራው፣ መልእክት የምንልክላትም በዚያው ነው። ዘሐራ ግን "ነጃትዬ" ሳትል መጀመር አይሆንላትም። ስሟን ስጨምረው ገጹ ነጣ። ዘሐራ ጠጋ ብላ አየችና፣ "ደበቅሻት ወይስ ጠፋች?" አለችኝ።

"ጠፋች።"

"እንግዲህ" አለች። እንግዲህ ሲሉ አልወድም፤ ማመን አይደለም፣ አለማመንም አይደለም።

ረቡዕ

ዛሬ የጨመርኳቸው ቃላት ተሰብስበው የሚቀመጡበትን ቦታ አገኘሁ። ብራውዘሩ ውስጥ ቅንብር የሚለው ጋ ገባሁና ቁልቁል ቁልቁል ስወርድ ተሰልፈው አየኋቸው። ደስ አለኝና ለጋሼ ተፈራ አሳየኋቸው። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፣ መታወቂያቸውን ኮፒ ሊያስደርጉ መጥተው ነበር። ምነው እጄን በቆረጠው።

መነጽራቸውን አድርገው እንደ ክፍል ውስጥ ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። "ማንጎ፣ ማሾ፣ ሙቀት፣ ነጃት... ነጃት ማናት?"

ዘሐራ በሩ ላይ ተቀምጣ ነበር። ተነሳች። ቀሚሷን አራገፈችና ሄደች።

ጋሼ ተፈራ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ይህን ያህል የሰው ስም ማን ሰብስቢ አለሽ? ቀበሌ ነው?"

"ኧረ ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ እንዲለምዳቸው ብዬ ነው።"

"ይለምዳቸዋል። አንድ ለአምስት ለሰው ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ኮምፒውተርም ተደራጅቷል።"

ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። እሳቸው ሲወጡ እንደገና ከላይ እስከ ታች አየሁት። እኔ ያልጨመርኳቸው ቃላት አሉ። ብርድ። ጋቢ። ቆሎ። ባቄላ። ብርቄ የሚባል ስም፣ ጥሩዬ የሚባል ስም። በግንቦት፣ ሸዋ ሮቢት ላይ፣ ማነው ብርድና ጋቢ ብሎ የሚጽፍ?

ሰው ይገባል ማለት ነው። የሱቁ ቁልፍ ግን እኔ ጋ ብቻ ነው። ባለፈው አንድ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰውዬ ኢሜይል ልይ ብሎ ተቀምጦ ምንም ሳይጽፍ ነበር የሄደው። ጋሼ ተፈራስ ስሙን ለምን ጮክ ብለው አነበቡት? ደግሞ ከዚያ ሁሉ መርጠው ነጃት ላይ ማናት ማለት ምንድነው?

ሐሙስ

ሰው አልመጣም። ፎቶ ኮፒ እንኳ የሚያስነሳ ጠፋ። ዘሐራ የሽንኩርት ጆንያዋን አዙራ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። ፀሐዩ ፊቷን እየጠበሳት እንኳ አልዞረችም። ተሻግሬ ሄድኩ።

"ምን አደረግሁሽ ዘሐራ?"

"ምንም።"

"ምንም ያለ ሰው ለፀሐይ ፊቱን ይሰጣል?"

ሽንኩርቷን እየለየች ቆየችና፣ "ልጄ በነፍሷ ያለችው ስሟን ደብቃ ነው። አንቺ ጻፍሽው፣ ጋሼ ተፈራ በር ላይ አነበቡት። ነገ ማን ያነበዋል?" አለች።

ተመልሼ ነጃትን አጠፋኋት፤ ከስሟ ጎን ያለችውን ምልክት መንካት ነው፣ ትጠፋለች። ከዚያ ዝም ብዬ እዚያው ቁጭ አልኩ፣ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ። ገጹን ዘግቼ ብከፍተው አዲስ ቃል ገብታለች። ካፊያ።

ማንም አልነካውም። እኔ ራሴ ፊቱ ተገትሬ ካፊያ ገባ። በስመ አብ ብዬ ኢንጂነሩ ጋ ደወልኩ። ሳቀብኝ።

"ኧረ እትዬ፣ በየሱቁ ብራውዘር ላይ የማስገባው የራሴን ኢሜይል ነው። ለእያንዳንዱ ሰው መክፈት ያደክማላ። እዚህ ደብረ ሲና እትዬ ስንዱም እንደ እርስዎ ለእናቶች ይጽፋሉ፤ እሳቸው ጋም ያው ነው። እርስዎ የጨመሩት እሳቸው ጋ ይታያል፣ የሳቸው እርስዎ ጋ።"

የቧንቧ ውኃ እንደተካፈልን አድርጎ ነው የሚያወራው። ነጃት ደብረ ሲና ወጥታለች። ስሟ እናቷ ያልወጣችውን ዳገት ወጥቷል።

"ሌላስ የት አለ?"

"ሌላ የለም። ካራ ቆሬ አንድ አለ መሰለኝ።"

"መሰለኝ ነው የምትለኝ?"

ዓርብ

ስልኳን ከኢንጂነሩ ተቀብዬ ስንዱ ጋ ደወልኩ። ከሸዋ ሮቢት ነኝ፣ አልማዝ እባላለሁ፣ ከማለቴ፣

"አንቺ ነሽ እንዴ ሽንኩርቷ?" አለችኝ።

"እርስዎ ነዎት ቆሎዋ?"

"ወይ ጉድ። እኔ ማነው ማንጎ፣ ሙቀት እያለ የሚጽፍብኝ ብዬ ባሌን ስመረምረው ነበር። ቆላ ሴት ይዟል ብዬ።"

ሳንፈልግ ሳቅን። እዚህ ሰው እየተጠበሰ እዚያ በካፊያ ጋቢ ይለበሳል፤ መልእክቱ ግን አንድ ነው፣ ደህና ነን፣ አንቺስ። ከዚያ ሳቄን ዋጥ አድርጌ ጠየቅኋት። "እስቲ ተመልከቺልኝ፣ ነጃት የምትል አለች?"

ስትፈልግ ይሰማኛል። "የለችም። ቀደም ብሎ ነበረች፣ ማናት ብዬ ነበር።"

"ማንን ጠየቅሽ?"

"ራሴን ነዋ። ማንን እጠይቃለሁ?" ድምፅዋ ትንሽ ከረር አለ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "እኔም እኮ ስሟ እንዲወጣ የማልፈልጋት አለችኝ አልማዝ" አለች። የትኛዋ እንደሆነች አልጠየቅሁም። እሷም የኔን አልጠየቀችም።

ከሰዓት ኢንጂነሩ ወረደ። ኢሜይሉን አስወጣሁት፣ ቃላቱን ሁሉ አስጠረግሁት። "ለእናቶቹ ቀይዋ ትመለሳለች እኮ" ይለኛል። ትመለስ አልኩት። ከጎኑ ተቀምጬ ጣቶቹን እያየሁ ነበር፤ ውኃ ይስጡኝ ቢል እንኳ አልነሳም ነበር።

ቅዳሜ

ገበያው ሳይሞቅ ዘሐራ መጣች። ሄጄ ሁሉንም ነግሬያት ነበር፣ ደብረ ሲናንም ሳልደብቅ። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ለመነሳት እንደሚያመች አድርጋ።

"ጻፊ" አለችኝ።

ጻፍኩ። ገጹ እንደ ድሮው በርበሬ ሆነ። አንገቷን አስግጋ አየች።

"ቀይዋ ተመለሰች።"

"ተመለሰች።"

"ነጃትስ የቷ ናት?"

በጣቴ አሳየኋት። ከሥሯ ቀዩ ተሰምሮበታል።

"እውነቱን ንገሪኝ አልማዝ። ምን እያለ ነው?"

"አላውቃትም እያለ ነው።"

"ጭራሽ?"

"ጭራሽ።"

ወንበሩ ላይ ደላደል ብላ ተቀመጠች። "አልሐምዱሊላህ። አይወቃት። በይ ቀጥዪ፤ ሽንኩርቱ ዘንድሮ ደህና ነው በያት።"

ስትወጣ ጆንያዋን ወደ እኔ አዙራ አስቀመጠችው። ገዢ ሲጠፋ ከመንገዱ ማዶና ማዶ ሆነን ማውራትም ጀምረናል።

ኢንጂነሩም ደወለ። ካራ ቆሬ የነበረውንም አጥፍቻለሁ አለኝ። እሰይ አልኩት። አንድ ነገር ብቻ፦ "እርግጠኛ ነህ?" ስለው ትንሽ ቆይቶ ነው አዎ ያለው። ኔትወርኩ ይሆናል።